ውበቴ ያልሰጠው ፍርድ

አዝማሪ ውበቴ እሑድ ጠዋት ቢቸና ውስጥ፣ በገዛ ቤቱ ተደፍቶ ሞቶ ሲገኝ፣ ከተማው ውስጥ ካዘነለት ሰው ይልቅ የተናደደበት ይበልጥ ነበር። የዚያን ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቆሞ፣ ከሦስት ወንዶች ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ፣ ማን ሦስተኛ እንደወጣ ሊናገር ቀጠሮ ነበረው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲጨቃጨቅ የሰነበተው በዚሁ ነው። እሱ ግን ፍርዱን ይዞት ሄደ።

ነገሩ የተጀመረው አቶ ሣህለ ማርያም የተባለ ፊልም አንሺ ከአዲስ አበባ ካሜራውንና ድምፅ መቅጃውን በላንድሮቨር ጭኖ በመጣ ጊዜ ነው። ስለ አንድ አዝማሪ ሕይወት ፊልም ሊሠራ አስቧል። አዝማሪውን ሆኖ የሚጫወት ወንድ ፈለገ፤ እውነተኛ አዝማሪ ግን አልፈለገም። «መልክና ንግግር ያለው፣ የጨዋ ልጅ ይሁንልኝ» አለ። ሦስት ሰዎች ቀረቡ። ሦስቱም በየተራ ካሜራ ፊት ማሲንቆ ይዘው አንዱኑ ትዕይንት ተጫወቱ፤ አዝማሪው የእናቱን መርዶ ሰምቶ ሳለ በጌታው ግብር ላይ እየሳቀ የሚዘፍንበትን። ማሲንቆውን ያዋሰውም፣ ዳኛ የሆነውም ውበቴ ነበር።

የፖሊስ መርማሪው መቶ አለቃ ታዘበው ከሞጣ ተጠርቶ ሲደርስ የቢቸናው ሻምበል ነፍሰ ገዳዩን ይዣለሁ ብሎ ተቀምጦ ነበር። የያዘው ፋንታን ነው። ፋንታ የአዝማሪ ዘር ሳይሆን በየመጠጥ ቤቱ እየዘፈነ የሚኖር፣ ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ ነው።

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሟች ቤት እየተሳደበ ሲወጣ ሰው አይቶታል» አለ ሻምበሉ። «ሐሙስ ወደ ደብረ ማርቆስ አስተላልፈዋለሁ። አንተ ወረቀቱ ላይ ፈርምልኝ።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ካልፈረምክማ በሱ ምትክ ሌላ ሰው አምጣልኝ።»

ታዘበውን አለቆቹ አይወዱትም፤ ጥያቄው አያልቅም። በዚህ ሥራ ቆይቶ የተረዳው ነገር ቢኖር፣ ከተማ በአንድ ቀን የሚስማማበት ገዳይ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ የሌለው ሰው መሆኑን ነው። ለፋንታም ዋስ የሚሆነው አንድ ሰው አልተገኘም። ሐሙስ ደብረ ማርቆስ ከገባ ከገመድ የሚያስጥለው የለም።

የውበቴ ብቸኛ ልጅ ካሰች ከል ለብሳ በሩ ላይ ጠበቀችው። ቅዳሜ ለተዝካር ገጠር ሄዳ ስለነበር አባቷን ሞቶ ያገኘችው እሑድ ስትመለስ ነው።

«አባትሽ እንዴት ሆነው ነበር የወደቁት?»

ካሰች ቀና ብላ አየችው። አባቷን «አንቱ» ያለ ባለሥልጣን ሰምታ አታውቅም።

«በግንባሩ ተደፍቶ ነበር፣ ጌታዬ። ከኋላው በዘነዘና ነው የተመታው። የማሲንቆውን ደጋን በቀኝ እጁ እንደጨበጠ ነው የሞተው። ስንገንዘው ጣቶቹን በግድ ነው ያላቀቅናቸው።»

ታዘበው ቤቱን ዞሮ አየ። ዘነዘናው ሙቀጫው አጠገብ ወድቋል። ዋንጫ ተገልብጦ፣ የፈሰሰው ጠላ ሟቹ የተደፋበት ቦታ ላይ ደርቋል። ማሲንቆው ግን ከምድጃው ራቅ ብሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቀረብ ብሎ ተመለከተው። የፈረስ ጭራው አውታር ረግቧል። ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጋ የምትይዘው ትንሽ እንጨት ወጥታ ከራሱ ከማሲንቆው አንገት ላይ ተሰክታለች። ቆዳው ላይ የተጠረገ የጠላ እድፍ ይታያል።

«ይህን ማን ሰቀለው?»

«አባቴ ነዋ! ማሲንቆ ሲረጥብ እንዲህ ነው የሚደረገው። ጭራው እንደተወጠረ ቆዳው ከደረቀ ይተረተራል። እኛ ዘንድ ልጅ አፉን ሳይፈታ ነው ይህን የሚማረው።»

«ጠላው መቼ የፈሰሰ ይመስልሻል?»

ልትመልስ አፏን ከፈተችና ዓይኗን ደረቁ ጠላ ላይ ተከለች። ታዘበው ማሲንቆውን አውርዶ ተዋሳት።

አቶ ሣህለ ማርያም ያረፈበት ሆቴል ውስጥ ሻንጣውን እየሸከፈ ነበር።

«ዓርብ ሦስቱን ቀድተን እንደጨረስን ውበቴን ማን ይበልጣል ብዬ ጠየቅሁት» አለ። «‹ከሦስቱ ቲያትር የሠራው አንዱ ብቻ ነው› አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ማን? ብለው፣ ‹እሑድ› አለኝ። ሦስቱም እዚያው ቆመው ሰምተውታል።»

«እርስዎ ማንን ያለ መሰለዎት?»

«ከተወዳዳሪዎቹ መምህር ደሴን ነዋ! እንባውን እኮ አወረደው።»

ታዘበው የተቀዳውን ድምፅ ልስማ አለ። ደሴ ግጥሙን እንደ ንግግር ደስኩሮታል። ፋንታ ማሲንቆው ላይ አንዳንዴ ይስታል፣ ድምፁ ግን አንጀት ይበላል። ሦስተኛው አካለ ወልድ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ነው። የሱ ማሲንቆ እንደተረገጠ ድመት ይጮሃል፤ ከጩኸቱ ኋላ የአዳራሹ ሳቅ ይሰማል። ታዘበው ይህን ሦስተኛውን ደጋግሞ አስከፈተው።

«መቶ አለቃ፣ ከዚህ ሁሉ ይህን ወደዱት?» አለ ፊልም አንሺው።

«በጣም የለፋበት ሰው ነው» አለ ታዘበው።

መምህር ደሴ ጥያቄ እስኪጠየቅ አልጠበቀም። «አዲስ አበባ ሳለሁ ስለ ሙዚቀኞች የተሠሩ የውጭ ፊልሞች አንድም አላመለጡኝም። ተዋናዮቹን ሁሉ በደረጃ ላስቀምጥልዎት እችላለሁ። ይበልጣል ብዬ በአንደኝነት የማስቀምጠው ጆሮው የደነቆረ ፒያኖ መቺ ሆኖ የሠራውን ነው። መለከት ነፊውን ሰካራም የሠራው ሁለተኛ ነው። አንደኛው ለምን አንደኛ ሆነ? እጁን ካሜራ አያየውም፣ ፊቱን ብቻ ነው! ሙዚቀኛ ሆኖ መጫወት በፊት ነው እንጂ በእጅ አይደለም። ይህን አዝማሪ ምን ብሎ ይዳኘዋል?»

«እስኪ ይህን አንድ አፍታ ያኑሩልኝ» ብሎ ታዘበው ማሲንቆውን አቀበለው። ደሴ ቆዳውን ወደ ታች ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረውና ስለ እንባ አወራረድ ማስረዳቱን ቀጠለ።

ፋንታ እስር ቤት ውስጥ እጁና እግሩ ታስሮ ተቀምጧል።

«አንደኛ ነህ በለኝ ብዬ ለመንኩት፣ ‹እሑድ› አለኝ። ተናድጄ ተሳድቤ ወጣሁ። ጌታዬ፣ ከዚህ ከተማ የምወጣበት ሌላ መንገድ የለኝም። የማንም መሳቂያ ሆኜ ልሙት?»

ታዘበው ፋንታ የሚዘፍንበት መጠጥ ቤት ጎራ ብሎ የፋንታን የራሱን ማሲንቆ አይቶት ነበር። ጭራው እንደተወጠረ ምድጃ ዳር ቆሟል፣ ቆዳው በሦስት ቦታ ተጥፏል።

«ቆዳው ለምንድን ነው እንዲያ የሆነው?»

«እኔ እንጃ፣ በየክረምቱ ይቀደዳል። ከገበያ ነው የገዛሁት፣ ያስተማረኝም የለ።»

አካለ ወልድ ውድ የካባርዲን ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ መልከ መልካም፣ በጥር የፊታውራሪ ወልደ ኪዳንን ልጅ ወለተ ሐናን ሊያገባ የታጨ ሰው ነው። ከፍርድ ቤቱ ደጅ ወጥቶ በትሕትና ተቀበለው።

«ፊታውራሪ ‹አማቼ ሲኒማ ላይ ይታይልኝ› ብለው ግድ ባይሉኝ እኔ ለዚህ ነገር ሰውም አልነበርኩ። እንደሳቁብኝ ሰምተው ይሆናል። ሦስተኛ እንደምሆን እኔም አልጠፋኝ። ሦስተኛ ልሁን ብሎ ሰው የሚገድል አለ?»

«ያደጉት የት ነው?»

«ወላጆቼን በልጅነቴ አጣሁ። መርጡለ ማርያም የቆሎ ተማሪ ሆኜ ነው ያደግሁት።»

ታዘበው ማሲንቆውን ዘረጋለት። አካለ ወልድ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «ይበቃኛል፣ ደግሜ አልነካም» ብሎ ሳቀ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁሉም፣ ካሰችም ጭምር፣ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ፋንታን ሁለት ፖሊሶች ይዘውት መጡ። ፊታውራሪ ወልደ ኪዳን ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀመጡ፣ አማቻቸው ከጎናቸው። ታዘበው ካሰች እንጨቷን መልሳ ጭራውን የወጠረችለትን የአባቷን ማሲንቆ አካለ ወልድ ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ አኖረው። አጠገቡ ውሃ የሞላ ጆግ አለ።

«አያ ውበቴ ደጋኑን ጨብጠው ሞቱ» ብሎ ጀመረ። «ጠላው የፈሰሰው ሲወድቁ ነው። ማሲንቆውም ያኔ ረጠበ። ሆኖም ተጠርጎ፣ ጭራው ረግቦ፣ ከእሳት ርቆ ተሰቅሎ ተገኘ። ይህን ያደረጉት እሳቸው ሊሆኑ አይችሉም።»

«ሰው ገድሎ ማሲንቆ የሚጠርግ እብድ ማነው?» አለ ሻምበሉ።

«እብድ አይደለም። ደንግጦ ቆሞ ሳለ እጁ ከሕፃንነቱ የለመደውን ሠራ። ፋንታ ይህን አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ የራሱ ማሲንቆ እንዲያ ባልተጣፈ። መምህር ደሴ ቆዳውን ደፍተው ነው የሚወረውሩት።»

ደሴ መቃወም ይኑርበት አይኑርበት ሲያመነታ ታዘበው ድምፅ መቅጃውን አስከፈተ። የአካለ ወልድ ማሲንቆ ጮኸ። ሻምበሉ ሳቀ።

«ልብ ብላችሁ ስሙ። የማይችል ሰው ሲነካካ አንዳንዴ ሳያስበው ልክ የሆነውን ድምፅ ያገኘዋል። መምህር ደሴ እንኳ ሁለት ሦስት ጊዜ አግኝተውታል። ይኼኛው ግን አንድም ጊዜ አላገኘም፤ ሁልጊዜ ለጥቂት ይስታል። ሁልጊዜ ለመሳት ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሁላችንም ላለመሸነፍ የገደለ ሰው ስንፈልግ ነበር። የገደለው ግን እንዳያሸንፍ የፈራ ሰው ነው። አያ ውበቴ ‹ቲያትር የሠራው አንዱ ብቻ ነው› ያሉት ይህን ሰምተው ነው። ሁለቱ አዝማሪ ለመምሰል ሞከሩ። አንዱ ከአዝማሪ ተወልዶ ማሲንቆ የማያውቅ ሰው ሆኖ ተጫወተ። አንደኛ ቢባል ደግሞ ለምን እንደተባለ መነገሩ፣ ጋብቻውም መፍረሱ አይቀርም።»

«ምን ትላለህ አንተ!» ብለው ፊታውራሪ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

አካለ ወልድ አልደነገጠም። «ይህ ሁሉ ግምት ነው፣ መቶ አለቃ» አለ በለዘበ ድምፅ። «ፍርድ ቤት አይቆምም።»

እውነቱን ነው። ታዘበውን ሲያስጨንቀው ያደረም ይኸው ነው፤ ሰው በዘሩ አፍሮ ነፍስ ያጠፋል ብሎ የሚያምን ዳኛ ከየት ይገኛል? ሌላ ቃል ሳይናገር ጆጉን በክንዱ ገፋው። ውሃው ማሲንቆው ላይ ተገለበጠ። ደሴ ሱሪው እንዳይነካ ዘሎ ተነሣ። ሻምበሉ ተሳደበ። የአካለ ወልድ እጅ ግን ማሲንቆውን ብድግ አድርጎ በአውራ ጣቱ ጭራውን አረገበ፣ እንጨቷን አወጣ፣ ቆዳውን በካባርዲን እጅጌው ጠረገ። ከዚያ ነው የገዛ እጁን ያየው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«የአዝማሪ ልጅ ነህ?» አሉ ፊታውራሪ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ነፍስ ማጥፋትስ ወንድ ልጅ ሲናደድ የሚያደርገው ነው። ንስሐም አለው። ከኔ ማዕድ ተቀምጦ፣ ከኔ እጅ ጎርሶ… አዝማሪ!» መዳፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ማንንም ሳያዩ ወጡ። ስለ ሟቹ አንድ ቃል አልተናገሩም። ታዘበው ከዚህ ወዲያ ምክንያቱን ለማስረዳት ሌላ ምስክር እንደማያስፈልገው ተረዳ።

ካሰች ወደ አካለ ወልድ ቀረበች። «አባቴ ምን አለህ?»

አካለ ወልድ ማሲንቆውን እንዳቀፈ ነበር። «እንዳትናገርብኝ ብዬ ልለምነው ነው የሄድኩት። ሳቀ። ‹እንደ አንተ ያለ እጅ አላየሁም፣ አንደኛው አንተ ነህ› አለኝ። ‹እሑድ ግን አንደኛ ፋንታ ነው እላለሁ፣ አንተን ሦስተኛ አደርግሃለሁ። ሂድ፣ እንጀራህን ብላ› አለኝና ማሲንቆውን አንሥቶ መጫወት ጀመረ።»

«ታዲያ ለምን?»

«አላመንኩትም። ሲስቅ በኔ የሳቀ መሰለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ዋሽቼ የሰው ቃል እንዴት ልመን?»

«ደስ ብሎት ነበር የሳቀው» አለች ካሰች። «ቃሉን አጥፎ አያውቅም ነበር፣ ለማንም።» ማሲንቆውን ከእጁ ተቀበለችውና እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ፖሊሶቹ የፋንታን እስር ፈትተው ሰንሰለቱን አካለ ወልድ እጅ ላይ አጠለቁት። አቶ ሣህለ ማርያም ጊዜ ማባከን አልፈለገም፤ ፋንታን ትከሻውን ያዝ አደረገው።

«እንግዲህ ሥራው ያንተ ሆነ» አለው። «ነገ ተነሥተን አዲስ አበባ እንሄዳለን።»

ፋንታ የተላጠውን የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆየ። ሲመኘው የኖረው ነገር ይኸው በእጁ ገባ።

«ስንተኛ ወጥቼ ነው የምሄደው?» ብሎ ጠየቀ።

ፊልም አንሺው ካሰችን አያት። ካሰች አቀርቅራለች። «ውበቴ በልቡ አንደኛ ያለው እኔን አይደለም» አለ ፋንታ፣ ከዚያ ብቻውን ወደ በሩ ሄደ።