እግር የሚታጠብበት እሑድ

ዲያቆን ኤልያስ ብሩምባ የሞተው ከገዛ ደጃፉ ላይ ነው። ሰማይና ምድሩን ሲደባልቅ የሰነበተው የበረዶ ውሽንፍር ጋብ ሲል፣ ከኩሽናው በር ጥቂት እልፍ ብሎ፣ ከፈረስ ማሰሪያው ግንድ ኋላ እንደተንበረከከ ደርቆ ተገኘ። ጓንቱ እጁ ላይ ነው፤ ባርኔጣውም አገጩ ስር እንደታሰረ ነው። ሰውነቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

በአሜሪካዋ ነብራስካ ሜዳ ላይ በረዶ ሰው መብላቱ አዲስ ነገር አይደለም። ኤልያስ ግን እንዲህ በዋዛ የሚጠፋ ሰው አልነበረም። እንደ ማንኛውም የአካባቢው ገበሬ ከኩሽናው በር እስከ ጋጣው ገመድ ወጥሯል፤ ውሽንፍር ሲነሳ ገመዱን ይዞ ይሄዳል፣ ገመዱን ይዞ ይመለሳል። ጠዋት ሲታይ ደግሞ ገመዱ ከበሩ ኩላብ እስከ ጋጣው እንደተወጠረ ነው። ታዲያ ምን ነክቶት ለቀቀው?

የወረዳው ሕግ አስከባሪ ሸሪፍ ሳይረስ ሜድ ፈረሱን እየጎተተ ሲደርስ ጎረቤቶቹ ለጥያቄው መልስ ሰጥተው ጨርሰዋል። ቅጥር ሠራተኛውን ኒልስ ኦስትቢን የፊጥኝ አስረው ጋጣው በር ላይ አቁመውታል፤ ከአግዳሚው እንጨት ላይ ሌላ ገመድ ተንጠልጥሏል።

«ኧረ ቆይ፣ ቆይ! ማነው እዚህ ዳኛው?» አለ ሳይረስ።

«ይሄ ደግሞ ዳኛ ይሻል እንዴ?» አለ አብራም ሪሰር። ይህ ጎረቤት ውሽንፍሩ መንገድ ላይ ይዞት ብሩምባ ቤት የሰነበተ ነው፤ አንድ ጉንጩ በጥርስ ሕመም ዱባ አክሏል። «ላቪንያን ስጡኝ ብሎ አባቷን ሲነዘንዝ የከረመው ማነው? ‹የማኅበራችን ሰው አይደለህም› ተብሎ የተባረረው ማነው? ጨለማን ተገን አድርጎ ከገመዱ ላይ ገፍትሮ ጣለው፣ በቃ!»

«አንተስ ላቪንያን ከጅለህ አታውቅም?»

ከኋላ አንዱን ሳቅ አመለጠው። የአብራም ያላበጠው ጉንጭ ቀላ።

ሳይረስ ወደ ኩሽናው በር ዞረ። የሟች ብቸኛ ልጅ ላቪንያ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጥላ ቆማለች። «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

ኒልስ ቀና ብሎ አያት። እሷ ግን መሬት መሬቱን እያየች «እኔ ምን አውቃለሁ... አባቴ ሞቷል» አለች። ልጁ ከዚያ በኋላ አንገቱን አላቀናም። የዚያች ልጅ ዝምታ ከተንጠለጠለው ገመድ ይልቅ አንቆታል።

የወንድሞች ማኅበር የሚባለው የክርስቲያን ጉባኤ መሪ የሆነው ሽማግሌ ዮስት በመሃል ገባ። «እሑድ የፍቅር ማዕድ አለን። ደም ያለበት እጅ ይዘን ለጌታ ማዕድ አንቀርብም። እስከዚያ ሳይረስ ይመርምር።»

«እሑድ ማዕዱ እንዳለቀ ግን እንሰቅለዋለን!» አለ አብራም፤ ወንዶቹም አጉረመረሙ። ሳይረስ የተሰጠው ጊዜ ይኸው ነው።

ሰዎቹ ሲበተኑ ወደ ፈረስ ማሰሪያው ግንድ ሄዶ ጎንበስ አለ። ግንዱ ከላይ እስከ ታች በበረዶ ግግር ተለብጧል። ወገቡ ላይ ግን እንደ ቀበቶ የዞረ ስርጉድ አለ፤ ስርጉዱ ውስጥም የገመድ ክር ተጣብቋል። ሳይረስ ወደ ኩሽናው በር ተመልሶ በጓንት እጁ የገመዱን ቀለበት ከኩላቡ አወለቀ። ወደ ግንዱ ሳብ ሲያደርገው ደረሰ። ለማንም ሳይናገር መልሶ ኩላቡ ላይ ሰቀለውና ወደ ቤት ገባ።

አብራምን ሳሎን ውስጥ ካለው ምድጃ አጠገብ አስቀምጦ ጀመረ። «ኤልያስ ለምን ወጣ?»

«ላሟ ልትወልድ ነበር። ከእራት በኋላ ሊያያት ወጣ፣ አልተመለሰም።»

«አንተ የት ተኛህ?»

«ምን መተኛት አለ! ይሄ የተረገመ ጥርስ ሌሊቱን ሙሉ እዚሁ ምድጃ ስር ቁጭ አድርጎኝ ነጋ።»

«ትልቁ በርስ?»

«በረዶ ተቆልሎበት አይከፈትም። መግቢያ መውጫው የኩሽናው በር ብቻ ነበር።»

«የቤቱ ሰው ቦት ጫማ የት ነበር?»

«እፊቴ ነዋ! ማታ ማታ ምድጃው ዙሪያ ተደርድሮ ይደርቃል።»

«አንድም ሰው መጥቶ ጫማውን አልወሰደም?»

«ማንም! እንኳን ሰው ድመት አላለፈችም።»

«ታዲያ ኒልስ እንዴት ወጣ?»

«የሚተኛው ቆጥ ላይ ነው፤ መሰላሉ የሚያወርደው ኩሽና ነው። እኔ ከዚህ አላየውም።»

ሳይረስ ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። «በባዶ እግሩ?»

አብራም ያበጠ ጉንጩን ይዞ ወደ ምድጃው ዞረ።

ከዚያ ሳይረስ ጋጣ ገብቶ ኒልስን ፈታው። «ጫማህን አውልቅ።»

«ምን አሉኝ?»

«አውልቅ አልኩህ፣ ካልሲህንም።» የልጁ እግር ምንም አልሆነም፤ ከጭቃው በቀር። ሳይረስ ተነፈሰ። «አድርገው። አሁን ንገረኝ፣ ከኤልያስ ጋር ተጣልታችኋል?»

«በመኸር ተጣልተን ነበር። ውሽንፍሩ ከመነሳቱ በፊት ግን እዚሁ ጋጣ ውስጥ እሺ አለኝ። በእግዜር ስም እሺ አለኝ!»

«ማን ሰማ?»

«ወይዘሪት ኬዝያ ከወዲያ ወተት ታልብ ነበር። መስማቷን እንጃ።»

«ላቪንያስ?»

«እሱ ራሱ ሊነግራት ነበር።» ኒልስ ወደ ኩሽናው በር አየ። «ሸሪፍ፣ እሷም እኔ ነኝ ብላ ታምናለች?»

ሳይረስ ካቴናውን አውጥቶ እጁ ላይ አጠለቀለት። ደጉን ልጅ ዋሽቶ ማጽናናት አልሆነለትም።

የሟች እህት ኬዝያ ኩሽና ውስጥ ድንች ትልጣለች። ላቪንያ እናቷን በጨቅላነቷ ካጣች ወዲህ ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት፤ የምትተኛውም እዚያው ከኩሽናው ጓዳ ነው። ሳይረስ ይህችን ሴት ቁጭ ብላ ያየበትን ቀን አያስታውስም፤ ዛሬ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ወንድሜ ለዚያ ባዕድ እሺ አላለም» አለች፣ ገና ሳይጠይቃት። «ቢኖርም አይልም።»

«ማነው እሺ አለ ያለው? እኔ ገና አፌን አልከፈትኩም፣ ወይዘሪት ኬዝያ።»

ቢላዋው ቆም አለ። «ሰው ሲያወራ ሰማሁ።»

«በዚያ ማታ ወጥተዋል?»

«ውሽንፍሩ ከተነሳ እግሬን ከደጅ አላወጣሁም።»

ድስቱ ገንፍሎ ልታወርደው ብድግ አለች፤ ተረከዟን ብቻ እየረገጠች ሄዳ ተመለሰች። ስታልፍ ላምባ ላምባ ሸተተችው። ላቪንያ በበኩሏ ሻማ ልትለኩስ ትታገላለች።

«ፋኖሱን አትለኩሽውም?» አላት ሳይረስ።

«ላምባው የለም። ሙሉ ጠርሙስ ነበር፣ የት እንደገባ እንጃ።»

ሻሿን አስጠምጥሞ ደጅ ይዟት ወጣ። ልጅቱ እንደ ወጣች ገነፈለች። «እውነቱን ይንገሩኝ! እሱ ነው? እሱ ከሆነ አብሬው ልሙት! ካልሆነ ደግሞ በዚያች ሰዓት ዝም ማለቴ... ወይኔ!»

«አባትሽ ሲዘገይ ለምን አልፈለጋችሁትም?»

«እኔማ ልወጣ ብዬ ነበር። አክስቴ ‹ከላሟ ጋር ያድራል፣ ሂጂ ተኚ› አለችኝ።»

ሳይረስ ከዚያ ወደ ሽማግሌ ዮስት ዘንድ ሄደ። ሚስቱ አስቴር ከዚሁ ማኅበር ነበረች፤ እሷን ከቀበረ ወዲህ የጸሎት ቤት ደጃፍ ባይረግጥም ወጋቸውን አሳምሮ ያውቀዋል።

«ኬዝያ ለምን ሳታገባ ቀረች?» ሲል ጠየቀው።

ሽማግሌው ፊቱን አኮማተረ። «ፔንስልቬንያ ሳለን አንድ አንጥረኛ ነበር። የሉተር ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፣ እንደ ኒልስ። ኤልያስ ከማኅበሩ ውጭ አይሆንም አለ፤ ጠቅልሎ ወደዚህ ይዟት መጣ። የድሮ ነገር ነው፤ ረስታዋለች።»

«ረስታዋለች፣ አልከኝ? እሺ። ማዕዱ ብሩምባ ቤት ይሁንልኝ። ማንም አይቅር። ላቪንያም ከአክስቷ አጠገብ ትቀመጥ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች ነጭ ቆባቸውን አድርገው በሌላው ወገን ተቀመጡ። ኒልስ ከኋላ ካቴና እንደገባለት ነው፤ ሳይረስ አጠገቡ ነው። አብራም መስኮቱ ጋ ሆኖ መሽቶ እንደሆነ ደጋግሞ ያያል።

በዚህ ማኅበር ከማዕዱ በፊት እግር ይታጠባል፤ ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት። በልቡ ቂም የቋጠረ ግን አያጥብም፣ አይታጠብም፤ ማዕዱንም አይቀምስም። የሞቀ ውሃ የያዘው ሳፋ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። ላቪንያ ሽርጥ ታጥቃ አክስቷ ፊት ተንበረከከች።

«እኔ ዛሬ ይለፈኝ» አለች ኬዝያ።

ሽማግሌ ዮስት ብድግ አለ። «እህት ኬዝያ፣ ከማን ጋር ነው የተጣላሽው?»

‹ከማንም› ማለት ትችል ነበር። አንድ ቃል ናት፤ ታማለች ብለው ይተዉአት ነበር። ሸሪፉን ዓይኑን እያየች ዋሽታዋለች። ሳፋው ፊት ግን መዋሸት አቃታት። ሌላ አገር ያለ ነፍሰ ገዳይ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም።

ሳይረስ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳ። «ሽማግሌ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ እኔ ልናገርላት።

«ኤልያስን ማንም አልገፈተረውም። የገመዱን ቀለበት ከበሩ ኩላብ አውልቆ የፈረስ ማሰሪያው ግንድ ላይ ያጠለቀ ሰው አለ። ግንዱ ላይ ያለውን ስርጉድ ወጥታችሁ እዩት። ኤልያስ ከጋጣ ሲመለስ እንደ ወትሮው ገመዱን ተከተለ። ጫፉ ላይ ሲደርስ እንጨት ዳሰሰ፤ ቤቴ ደረስኩ ብሎ ገመዱን ለቀቀና በሩን ፈለገ። በር የለም። በዚያ ውሽንፍር አንዴ ከለቀቁት ማን መልሶ ያገኘዋል? በኋላ ሰውየው ገመዱን ወደ ኩላቡ መልሶ ሰቀለው።

«ማን ነው? መውጫው የኩሽናው በር ነው። ጫማ ሁሉ ደግሞ አብራም ፊት ነበር፣ አብራምም አልተኛም፤ ማንም አልነካውም ብሎ ነግሮኛል። ስለዚህ የወጣው ሰው በካልሲ ነው የወጣው፤ ያውም ሁለቴ፣ እስከ ጉልበት በሚደርስ በረዶ። የኒልስን እግር አይቻለሁ፣ ደህና ነው። ውርጭ የበላውን እግር በምን እንደምናሸው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በላምባ። የዚህ ቤት ላምባ ጠፍቷል። ወይዘሪት ኬዝያ ግን ላምባ ላምባ ይሸታሉ፣ በተረከዛቸው ይራመዳሉ፤ ልጅቱ አባቷን ልትፈልግ ስትል ‹ተኚ› ያሏትም እሳቸው ናቸው። እግርዎን ያሳዩኝ ብዬ ማዘዝ አልቻልኩም፤ ነውር ነው። ለዚህ ነው እሑድን የጠበቅሁት።»

ላቪንያ ማንንም አልጠየቀችም። የአክስቷን ካልሲ ቀስ ብላ ሳበችው። ጣቶቹ ጠቁረዋል።

«አክስቴ!» አለች።

«እኔን ‹ከማኅበሩ ውጭ አይሆንም› ብሎ ዕድሜዬን በላው» አለች ኬዝያ። እንባ የላትም። «እኔም እሺ ብዬ ኖርኩ፤ ሕጉ ነው ብዬ። ከዚያ ላሟን እያለብኩ ለልጁ ሲሆን እሺ ሲል ሰማሁት። እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ? ያን ጊዜም እንዲህ ቀላል ነበር? እንዲሞት አልፈለግሁም አልልም። በሩን ይዤ ቆሜ ሰማሁት፣ ሲጣራ ነበር። የጠራው የኔን ስም ነው።»

አብራም ጉራው ሁሉ ጠፍቶ ቁጭ አለ። ሳይረስ የኒልስን ካቴና ፈታ። ልጁ እጁን እያሻሸ ወደ ፊት መጣና ሴትዮዋ ፊት ቆመ።

«ወይዘሪት ኬዝያ፣ ለሸሪፉም አልነገርኩም፤ የርስዎ ጉዳይ ስለሆነ ማውራት ነውር መሰለኝ። የዚያን ቀን እሺ ሲለኝ ‹ኬዝያን በድያታለሁ፣ በልጄ አልደግመውም› አለኝ። ይህን ያለኝ እርስዎ ወተቱን ይዘው ከወጡ በኋላ ነው። ‹ለላቪንያ ከመንገሬ በፊት እህቴን ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ላሟ ትገላገልና ዛሬ ነገ ሳልል› አለኝ።»

«ትዋሻለህ» አለች ኬዝያ።

«ምነው በዋሸሁ!»

ያኔ ነው የተሰበረችው። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና አጎነበሰች፤ ከውስጧ የወጣውን ድምፅ ሳይረስ እስኪሞት አይረሳውም። ከዚያ እግሯን ወደ ሳፋው ዘረጋች። «እጠቢኝ፣ ልጄ።»

ላቪንያ ውሃውን አየች፣ እግሩን አየች። «አልችልም፣ አክስቴ። ዛሬ አልችልም።» ካልሲውን ግን ጣቶቿን እንዳያማት ተጠንቅቃ መልሳ አደረገችላት፤ ደጁ ብርድ ነው።

ሳይረስ ሴትዮዋን ደግፎ ሲወጣ ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት። ሊሰቅሉ የመጡት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ ሲያይ ኒልስ ከኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ ተመልሶ ተቀምጧል፤ ላቪንያም መጥታ ፊቱ ቆማለች።

«ዝም አልኩ» አለችው። «ሊሰቅሉህ ሲሉ ዝም አልኩ።»

«አዎ» አለ ኒልስ። «ዝም አልሽ።»

ሳይረስ ልጁ ተነስቶ የሚሄድ መስሎት ነበር። ኒልስ ግን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት።