ስድሳ በመቶ

ኢንጂነር ሚሳኤል መካኒሳን ከጀሞ ሊያገናኝ በሚሠራው ድልድይ ሦስተኛ ምሰሶ ሥር ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከመወጣጫው ወድቆ። የሳይቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ቸኮል «አደጋ ነው» ብሎ ሊገላገል ፈልጎ ነበር። ሬሳው ሳይነሳ «አደጋ ነው» የሚል ሰው ግን የኢንስፔክተር አምሳለን ደም ያፈላዋል። ራሷ ወጥታ መወጣጫውን የሚይዘውን ብሎን አየችው። አልተሰበረም፤ ጥርሱም አልተበላም። በመፍቻ ቁልፍ ተፈትቷል።

«ሚሳኤል በየማክሰኞው እየወጣ ሥራውን ያያል» አለ ቸኮል። «ግን በሦስት ሰዓት ነበር። በአንድ ሰዓት ምን እንዳስወጣው እንጃ።»

ሐሙስ ዕለት የሳይቱ የኮንክሪት ላቦራቶሪ ባለሙያ ዶርቃ ከታሰረች ሁለተኛ ቀኗን ይዛለች። እጮኛዋ ልዑልቃል አምና ኮንክሪት የሚፈስበት ካሳፎርማ ተንዶበት ሞቷል፤ በቀብሩ ላይ ሚሳኤልን «አንተም አፈር ያስበላህ!» ብላ ስትረግመው ያልሰማ የለም።

«ገደልሽው?» አለቻት አምሳለ።

«ሞቱን ተመኝቻለሁ። ግን አልነካሁትም።»

«ምን አድርጎሽ?»

«በየሰኞው እኔ፣ አቶ ቸኮልና ጋሽ ተካ እያንዳንዱ አደጋ ሊደርስ የሚችልበትን ዕድል ገምተን በመቶኛ እንጽፋለን። ስም አንጽፍም። ሚሳኤል አማካዩን ያወጣል። ለካሳፎርማው ሁለቱ ወረቀት አምስት ሲል አንዱ ስድሳ አለ። ስድሳው ‹ከሌሎቹ በጣም የራቀ› ተብሎ ተሰረዘ። በሦስተኛው ቀን ልዑልቃል ሞተ። አንዱ አምስት የእኔ ነበር።»

አምሳለ የዚህን ሰኞ ወረቀቶች አስመጣች። ከሦስተኛው ምሰሶ የመውደቅ ዕድል፦ አራት፣ አምስት፣ ስድሳ።

ፎርማኑ አቶ ተካ የልዑልቃል አባት ናቸው።

«ማክሰኞ ለሦስተኛው ምሰሶ ሠራተኛ ያልመደቡት ለምንድን ነው?» አለቻቸው አምሳለ።

«ማዶ ኮንክሪት ስለሚሞላ ሁሉንም ወደዚያ ላክኋቸው።»

«ዶርቃ ታስራለች።»

«ሰምቻለሁ» አሉና አቀረቀሩ።

ከሰዓት በኋላ አምሳለ ዶርቃን ይዛ መጥታ ሦስቱንም በሳይቱ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ብሎኑን የፈታው ሰው የፈለገው አንድ ሰው ብቻ እንዲወድቅ ነው» አለች። «የሠላሳ ማክሰኞ የሥራ ድልድል ቆጠርኩ። ሦስተኛው ምሰሶ አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ባዶ የሆነው ሚሳኤል የሞተ ዕለት ነው። ሠራተኛ የሚመድበው ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

«ኮንክሪት ነበረ አልኩሽ እኮ!» አሉ ተካ።

«ኮንክሪት በገባ ቁጥር ናሙና ይወሰዳል። ዶርቃ፣ ማክሰኞ ስንት ወሰድሽ?»

«ምንም። ኮንክሪት አልገባም።»

ቸኮል ወንበሩን ከተካ ቀስ ብሎ አራቀ።

ተካ አልካዱም። «አምና ስድሳ ያልኩት እኔ ነኝ። ቁጥሬን ሰረዘ፤ እኔ ልጄን ቀበርኩ። አሁንም ስድሳ ጻፍኩለት፤ ማታውን ብሎኑን ፈታሁ። ካመነኝ አይወጣም፣ ይድናል። ከናቀኝ የራሱ ጉዳይ። ናቀኝ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።»

አምሳለ ይህች ልጅ ስትታሰር ዝም ባሉት ሰውዬ ተናዳ ነበርና የሚሳኤልን ማስታወሻ ሳትራራ ዘረጋችላቸው። ሰኞ ዕለት የጻፈው ነው፦ «ይህን ስድሳ አልሰርዝም። ሠራተኛ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱን ብሎን እኔው አያለሁ።»

«በአንድ ሰዓት የወጣው ለዚህ ነው» አለች። «አምኖዎት ነበር።»

ተካ ደጋግመው አነበቡት። ዶርቃ ፊቷን አዞረችባቸው። ካቴናው ሲገባላቸው እንኳ ዓይናቸውን ከወረቀቱ አላነሱም።

«ሰርዞት ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ።