ጉንዳን የናቀው ሽንት

አልአሚን አልጋው ላይ በላብ እንደራሰ ሞቶ ተገኘ። በኩርሙክ ሙቀት ይሄ ብርቅ አይደለም፤ እዚያ እንኳን ሰው ድንጋይም ያልበዋል፣ ዶሮ የምትጥለውም የተቀቀለ እንቁላል ነው ይባላል።

ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ረጋሳ ግን በላቡ አልሳቀም። ከአሶሳ በጭነት መኪና ሲንገጫገጭ የመጣው ከባድ ነገር ይዞ ነው።

ሟቹ ባለወፍጮ የስኳር በሽተኛ ነበር። መንደሩ ሐኪም የለውም፤ ያለው ጤና ረዳቱ ፈንታና አንድ የመገናኛ ሬዲዮ ነው። ፈንታ በየጠዋቱ የአልአሚንን ሽንት ከሰማያዊ መድኃኒት ጋር በብልቃጥ ያፈላል። ቀለሙ ሰማያዊ ከቀረ ስኳሩ ወርዷል፤ ቀይ ከወጣ ንሯል። ቀለሙን በሬዲዮ ይናገራል፣ አሶሳ የተቀመጠችው ነርስ ሲስተር ለተማርያም ስኳር የሚያወርደውን መርፌ መጠን ታዛለች፣ ሚስቱ ኢቲዳል ትወጋዋለች። ሰሞኑን ሽንቱ ቀይ በቀይ ሆነ፤ ሲስተርም መርፌውን ጨመረች። በመጨረሻው መርፌ አልአሚን ተኝቶ ቀረ።

አዲስ የተቋቋመው ክልል ገና ጥርስ አላበቀለም፤ ቢሮዎቹ ግን ጥፋተኛ ሲፈልጉ ይናከሳሉ። ሲስተር «በመርፌ ገደለች» ተብላ ልትታሰር፣ ሬዲዮውም ሊነቀል ነው። ከተነቀለ ደግሞ በእሱ የሚታከመው የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ ታማሚ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ረጋሳ አልአሚን ቤት መጀመሪያ ያየው የሽንቱን ጣሳ ነበር። አፉ ላይ ጉንዳን ተርመስምሷል። ከበራፉ ድንጋይ ላይም ተሰልፎ ይመጣል። ቀጥሎ ጓሮ ዞሮ ከማንጎው ሥር አፍንጫውን ይዞ ተንበረከከ። ክርፋቱ ዓይን ያስለቅሳል። ጉንዳን ግን የለም።

«አልአሚን ሌሊት የሚሸናው እዚህ ነው?»

«አዎ፣ እዚህ ነው» አለች ኢቲዳል፣ እርጉዝ ሆዷን ይዛ። «ድሮ ጉንዳን መጣ፣ በሽታውን በጉንዳን አወቅን። መርፌ ጀመረ፣ ጉንዳን ሄደ። አልተመለሰም።»

«ሰሞኑን ምን ይለው ነበር?»

«ላብ፣ ላብ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ለፈንታ ነገርኩት።»

«ጣሳውን ማን ነው የሚወስደው?»

«እኔ። በራፍ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ሻሽ ላደርግ እገባለሁ። ኢዘዲን እዚያ ነው፣ የባሌ ወንድም ልጅ፣ ባሌ ያሳደገው። እሱ ንጹሕ ነው፤ ከቤት ስወጣ ሁልጊዜ ቀኝ እጅጌውን ሲያጥብ አየዋለሁ።»

ረጋሳ ፈንታን ጠየቀው። «ያልበዋል ስትልህ ለሲስተር ነገርክ?»

«ጌታዬ፣ ኩርሙክ ላይ የማያልበው ማን አለ?» አለ ፈንታ እየሳቀ።

ኢዘዲን ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፤ ሽቶው ከሩቅ ይጠራል።

«የአጎትህን ጣሳ ነክተህ ታውቃለህ?»

«አስተግፊሩላህ። ሽንት ነጃሳ ነው። እኔ ሰጋጅ ሰው ነኝ።»

«ወፍጮው ከእንግዲህ የማን ነው?»

«የአላህ።»

«ከአላህ ቀጥሎስ?»

የኢዘዲን ዓይን የኢቲዳል ሆድ ላይ አረፈ። ረጋሳ ምራቁን ተፋ።

በማግስቱ ሁሉም ጤና ኬላው ውስጥ ሬዲዮውን ከበው ተቀመጡ። ሲስተር አሶሳ ሆና ታዳምጣለች።

ረጋሳ ብልቃጥ አነሳ። «ይሄ የራሴ ሽንት ነው፤ አትሳቁ። ፈንታ፣ አፍላው።»

ሰማያዊ ቀረ።

«አሁን ጠብታ ማር ልጨምርበት።»

ፈላ። ብልቃጡ እንደ ሸክላ ቀላ። የሰዉ ሳቅ ጠፋ።

«የአልአሚን ስኳር አልናረም» አለ ረጋሳ። «ንሮ ቢሆን ማንጎው ሥር ጉንዳን በወረረው ነበር። ጉንዳን የመጣው ለጣሳው ነው፤ በጣሳው ውስጥም የሰም ፍርፋሪ አግኝቻለሁ። ሲስተር ያዘዘችው መርፌ ለማር የተሰጠ መድኃኒት ነው፤ የዳነውን ሰው ስኳሩን አሟጦ ገደለው።»

«ፈንታ ነዋ የሚያፈላው!» አለ ኢዘዲን።

«ማሩ የተንጠባጠበው በራፉ ድንጋይ ላይ ነው፤ ጣሳው ገና ፈንታ ዘንድ ሳይደርስ። ኢቲዳል እንዳልል፣ ላቡን የተናገረች እሷ ናት፤ ጉንዳኑ መሄዱንም የነገረችኝ እሷ ናት። ገዳይ ብትሆን ዝም ባለች ነበር። የቀረኸው አንተ ነህ። በየጠዋቱ ቀኝ እጅጌህን ብቻ ለምን ታጥባለህ?»

«ለሶላት ውዱእ ስታጠብ ይረጥባል።»

ኢቲዳል ቀስ ብላ ቀና አለች። «ኢዘዲን፣ ውዱእ ግራ እጅን ይተዋል?»

ኢዘዲን ቀኝ እጅጌውን ከኋላው ደበቀ።

«ማሩን በጣትህ ስታማስል እጅጌህን ሽንት ነካው» አለ ረጋሳ። «በነጃሳ ልብስ መስገድ ፈራህ። ያሳደገህን ሰው መግደል ግን አልፈራህም። ቀይ ከወጣ መርፌ እንደሚጨመር በዚህ መስኮት ቆመህ ሰምተሃል፤ መንደሩ ሁሉ የሰማው ነው።»

«ልጁ ሳይወለድ አጎቴ ከሞተ» አለ ኢዘዲን ወደ መሬት እያየ፣ «ወፍጮው ለእኔ ይቀራል ብዬ ነው።»

ኢቲዳል ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ፈንታ» አለች ሲስተር ለተማርያም። «ላብ የስኳር መውረድ ምልክት ነውና ያልበዋል ወይ ብዬ በየጠዋቱ ጠይቄሃለሁ። በየጠዋቱ ‹ደህና ነው› ብለኸኛል። ያልበው ነበር? ይቀበሉ።»

ፈንታ ወደ ጣሪያው አየ። ረጋሳ የሬዲዮውን መነጋገሪያ ደረቱ ላይ ገፋለት።

«ያልበው ነበር» አለ። «ይንቀጠቀጥም ነበር። ይቀበሉ።»

 የሲስተር ድምፅ ሻክሮ መጣ፦ «ከእንግዲህ ቀለሙን አንተ ንገረኝ፤ ላቡን የቤቱ ሰው ራሱ ቀርቦ ይንገረኝ። ቀጣዩን ታማሚ አስገባ።»

ረጋሳ ኢዘዲንን አስሮ ጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀመጠው። ረጋሳ ራሱ እጁን በሳሙና ታጥቦ ነበር፤ የሽንቱ ክርፋት ወዲያው ለቀቀው። የኢዘዲን ሽቶ ግን እስከ አሶሳ አልለቀቀውም፤ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሲተፋ ሄደ።