ለአትጠገብ የተገዛው ቴፕ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬ የሚመጣ አይመስለኝም። ያለችኝ ሻማ አንድ ናት፣ እሷንም ለመኝታችሁ አስቀምጫታለሁ። በጨለማ መስማት የሚፈራ ካለ አልጋው ተነጥፏል፣ ሄዶ ይተኛ። የለም? ጎሽ።

አንተ እንዳሻው፣ ስትመጣ ሰምቼሃለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ አገር ምድሩ ሰምቶሃል። ያቺ መኪናህ ከኔ እኩል ያረጀች ናት፤ በሯ በገመድ ነው የሚታሰረው። አንተ ደግሞ አዲስ ቴፕ አስገባሁላት ብለህ ደረትህን ነፍተህ ገባህ። ርካሽ ነው ግን ይጮኻል አልክ። ደግ አደረግህ፤ ደሀ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት በገደለው ይባላል። ግን ነገ ሚስትህም አብራህ ናት አይደል? እንግዲያው ይሄን ሰምተህ ሂድ።

ድሮ ነው። አገሩን አልነግራችሁም፣ ዘመዶቻቸው ዛሬም በዚህ መንገድ ያልፋሉ። ሰዓቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። መንገዱ ከከተማው ወደ መንደሩ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ነው፤ ባንድ ወገን ተራራ፣ ባንድ ወገን ገደል። ከመሸ ሰው አያልፍበትም። ቤት የለ፣ እረኛ የለ፣ ውሻ እንኳ አይጮኽበት።

በዚያ መንገድ የሚሠራ ላቀው የሚባል ሰው ነበረ። አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችው። ረዳቱ ማን ነበር? ሚስቱ። አትጠገብ ትባላለች። ሰው ሳቀበት፤ ሚስቱን ረዳት ያደረገ ብሎ ስም አወጣለት። እሷ እቴ፣ ጆሮዋንም አልሰጠቻቸው። ሰው ትጠራለች፣ ጭነት ታስራለች፣ ሰካራም ቢመጣ ጎትታ ታወርዳለች። ደግሞ ትዘፍናለች።

ለምን ትዘፍናለች? የመኪናዋ ሬዲዮ ከሞተ ቆይቷላ። ሌሎቹ መኪኖች ቴፕ አስገቡ፣ ተሳፋሪውም ቴፕ ወዳለበት መሄድ ጀመረ። አትጠገብ ምን አደረገች? ከኋላ ቆማ ራሷ ዘፈነች። እናንተዬ፣ ድምፅ ነበራት አሉ። ሰው ተመልሶ መጣ። እሷ ግን ማታ ማታ ጉሮሮዋን ይዛ ስትገባ ላቀው አንጀቱ ይበላዋል።

«ለሌላው ቴፕ ይዘፍንለታል፣ አንቺ ለሰው ትዘፍኛለሽ» አላት። «አንድ ቀን አንቺም ከጎኔ ተቀምጠሽ ትሰሚያለሽ።»

«እኔ መች ደከመኝ አልኩህ?» አለችው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እዚያ መንገድ ላይ አንድ ክፉ ጥምዝ አለ። መኪና ባንዴ አይዞረውም። ቆሞ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሄዶ፣ እንደገና ወደ ፊት ነው። ኋላው ደግሞ ገደል ነው። ገደሉ የት እንደሚጀምር ለሹፌሩ ማን ይንገረው? የጎን መስታወቷ እንደሆነ ተሰብሯል። የምትነግረው አትጠገብ ናት። ወርዳ ከኋላ ትቆምና የመኪናዋን ጀርባ በመዳፏ ትመታለች። ቶሎ ቶሎ ስትመታ ና ማለት ነው። አንዴ ጠንከር አድርጋ ስትመታ ቁም ማለት ነው። ላቀው የሚነዳው በዓይኑ አልነበረም፣ በእጇ ነበር። ሲዞርለት እሷ መኪናው ሳይቆም ከኋላ ተንጠልጥላ ትገባለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ስታ አታውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ላቀው ቴፑን ገዛ። ርካሽ ነው። አዲስ ነው ይበሉት እንጂ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው። አረንጓዴ መብራት አለው፣ ሁለት ስፒከር አለው።

«ስፒከሩን ከኋላ ልግጠመው?» አለ ገጣሚው።

«የለም፣ ከፊት አድርገው» አለ ላቀው። «ዛሬ ከጎኔ ነው የምትቀመጠው።»

ስፒከሩ እጆሮው ሥር ተገጠመ። የዚያን ቀን ሰው አልጫኑም። ባዶ መኪና ይዘው፣ ሁለቱ ብቻ ከፊት ተቀምጠው ወደ ቤት ወረዱ። አትጠገብ መጀመሪያ አፈረች። ኋላ ያቺን አረንጓዴ መብራት በጣቷ እየነካካች ትስቅ ጀመር። ላቀው መንገዱን ትቶ እሷን ነበር የሚያየው። በትዳራቸው እንደዚያ ቀን ተደስተው አያውቁም፣ ይሄን ራሱ ላቀው ነው ኋላ የተናገረው።

ጥምዙ ጋ ሲደርሱ መሽቷል። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ጭቃ ነው።

«ልውረድ» አለች። «ላቀው፣ ዝቅ አድርገው እሺ?»

«እሺ፣ ውረጂ» አላት።

ወረደች። ላቀው እጁን ወደ ቴፑ ሰደደ። ሊቀንሰው ነበር። ከዚያ ምን አሰበ መሰላችሁ? እሷ እዚያ ጭቃ ውስጥ ቆማ፣ ለሷ የተገዛው ቴፕ ለኔ ብቻ ይዝፈን? እሷስ ለምን ይቅርባት? አለ። እንድትሰማው ብሎ ከፍ አደረገው።

ከፍቅር ነው እኮ። ክፋት ቢሆን ይሻል ነበር፣ ክፉን ሰው ረግመን እናርፋለን። እሱን ምን እንበለው?

ዘፈኑ ከበሮ አለው። ከበሮው ቶሎ ቶሎ ሲመታ የአሮጌዋ መኪና ቆርቆሮ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ወንበሩ ይመታል፣ ጀርባው ይመታል። ላቀው የአትጠገብ እጅ መሰለው። ና፣ ና፣ ና የምትለው መሰለው። ሄደ። ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ማርሽ ቀየረ፣ ዞረለት፣ ወረደ። እሷ እንደወትሮዋ ከኋላ ተንጠልጥላ የገባች መስሎት ቤቱ እስኪደርስ እየጮኸ ያወራት ነበር። ደረሰና «በይ ውረጂ፣ ካሴቱን ላዙርልሽ» አላት።

ማን ይመልስለት?

ቴፑን ዘጋ። ወርዶ ወደ ኋላ ሄደ። የለችም። ፋኖስ አምጥቶ ሲያበራ፣ የመኪናዋ ጀርባ በጭቃ ተለብጧል፤ ጭቃው ላይ መዳፏ አለ። አንድ መዳፍ አይደለም። መዳፍ በመዳፍ ላይ ነው። ቁም፣ ቁም፣ ቁም ብላዋለች። የመጨረሻው ወደ ታች ተስቦ ይወርዳል።

ሲነጋ ከገደሉ አወጧት። ቀበሯት። ላቀው ያንን ቴፕ በጥፍሩ ነቅሎ፣ ሽቦውን በጥሶ ጥምዙ ላይ ወስዶ ገደል ወረወረው። ቀዳዳው ባዶውን ቀረ። የመኪናዋን ጀርባ ግን አላጠበውም። ልጠብልህ ያለውን ሰው ሊደባደበው ደረሰ።

አሁን ጠጋ በሉ።

አንድ ምሽት ጎረቤቶቹ ዘፈን ሰሙ። ከየት? ከላቀው ግቢ፣ ከቆመችው መኪና። እግዜር ያሳያችሁ፣ አርባዋ እንኳ አልወጣም። ሐዘን ቤት ሬዲዮ ይከፈታል? የእድሩ ሽማግሌዎች ተቆጥተው መጡ።

«ላቀው፣ አፈሯ ሳይደርቅ? ምን ነካህ?» አሉት።

ላቀው የመኪናዋን በር ከፈተና ባዶውን ቀዳዳ አሳያቸው። ቀዳዳው ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ዘፈኑ ግን እየመጣ ነው። ከዚያው ከቀዳዳው፣ ቀስ ብሎ። ሽማግሌዎቹ ምን አደረጉ? ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ላቀው ሲመሽ ሰው አይጭንም። ከከተማ ባዶውን ይወርዳል፣ ጥምዙ ላይ ለብቻው ይቆማል። ሰው አብዷል አለው። ቄሱ ተው ብለው ለመኑት። እሱ ግን አልሰማም።

አንድ ቀን ብቻ አንድ ሽማግሌ ጫነ። አያ ቢያድግልኝ ይባሉ ነበር። እግራቸው አይሄድም፣ ቢተዋቸው መንገድ ላይ ሊያድሩ ነው፤ እሳቸውን መተው አልቻለም። ኋላ እዚህ እኔው ቤት ሲያርፉ ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት። አያ ቢያድግልኝ ሲዋሹ አይታወቁም።

ጥምዙ ጋ ሲደርሱ ላቀው ቆመ።

«ልጄ፣ ዝም ብለህ ዙርና እንሂድ» አሉት።

«አያ፣ እዚህ ላይ እኔ ጉዳይ አለኝ» አለ። «አንዴ ልስማት ብዬ ነው። አንዴ ብቻ። ቁም ስትለኝ ልቁምላት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ይሄን እንዳለ ቀዳዳው ዘፈን ጀመረ። ያው ከበሮ። መጀመሪያ ቀስ፣ ከዚያ ከፍ፣ ከዚያ መኪናዋ ሁሉ እስክትንቀጠቀጥ። አያ ቢያድግልኝ በስመ አብ ብለው አማተቡ። ላቀው ቀዳዳውን በመዳፉ አፈነው። አልቆም አለ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው አላቸው፤ ሁልጊዜ ይጮኽብኛል፣ እጇን አያሰማኝም። ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«አትጠገብዬ» አለ። «በሞቴ፣ ዝጊልኝ። ዛሬ እሰማሻለሁ።»

ዘፈኑ ተዘጋ።

ዝም ብላችሁ ስሙ። አሁን እኛ ዝም እንዳልነው ነው ዝም ያለው። ነፋስ የለም። ከዚያ ከኋላ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ መዳፍ። ና፣ ና፣ ና። ቶሎ ቶሎ።

ላቀው ፊቱ በራ። ወደ ኋላ ሄደ። ና፣ ና፣ ና። ሄደ። አያ ቢያድግልኝ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው አዩ። ሰው የለም። ገደሉ ብቻ እየቀረበ ነው። «ላቀው በቃ፣ ጨረስከን» አሉት። እሱ እሳቸውን አይሰማም። ና፣ ና፣ ና። የመኪናዋ የኋላ ጎማ ጠጠሩን ወደ ታች ሲለቀው ይሰማል። ና፣ ና፣ ና፣

ጧ።

ምን ያስዘልላችኋል? እኔ ነኝ ጠረጴዛውን የመታሁት። እንዳሻው፣ ተቀመጥ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ?

እንደዚህ አድርጋ መታችው። ቁም። ላቀውም ቆመ። ያን ጊዜ ያልቆመላትን ዛሬ ቆመላት። ሞተሩን አጠፋ።

«ሰማሁሽ» አለ። «ሰማሁሽ፣ ቆምኩልሽ።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? እኔም እዚህ ላይ አብቅቼ ባስተኛችሁ ደስ ባለኝ። ላቀው ግን በሩን ከፈተ። አያ ቢያድግልኝ ኮቱን ያዙት።

«ወዴት ነው? ከኋላህ መሬት የለም እኮ ልጄ።»

«ቆማለች እኮ አያ» አላቸው። «በጭቃ ውስጥ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። እስከ መቼ ብቻዋን ትቁም?»

ኮቱን አውልቆ እጃቸው ላይ ተወላቸው። በጎን በኩል ዞሮ ሄደ። አያ ቢያድግልኝ የመውደቅ ድምፅ ጠበቁ። አልሰሙም። ጩኸት ጠበቁ። እሱም የለም። ሌሊቱን ሙሉ ኮቱን ታቅፈው ስሙን ሲጠሩ አደሩ።

ሲነጋ ሰው መጣ። የመኪናዋ የኋላ ጎማ ግማሹ አየር ላይ ነው፤ ያቺ የእጅ ፍሬን የሌላት መኪና አያ ቢያድግልኝን ይዛ እንዳትወርድ የያዛት አንድ ድንጋይ ነው። ጎማው ሥር ተወሽቋል። ከገደሉ ሥር ካለው ወንዝ የሚገኝ ድንጋይ ነው፣ ገና ውሃው አልደረቀም። ማን አመጣው? ሽማግሌው ከመኪናዋ አልወረዱም።

ላቀውን እሷ በተገኘችበት ቦታ አገኙት። አጠገቧ ቀበሩት።

እንዳሻው፣ ቴፑን ንቀል አልልህም። ስማ፣ ደስ ይበልህ። ግን ሚስትህ ከኋላ ስትወርድልህ ዝጋው። ዝቅ አታድርገው፣ ዝጋው። ብቻዋን ጨለማ ውስጥ ከመኪናህ ኋላ ቆማ አትተዋት። ተመልሳ ካጠገብህ ትቀመጥ፣ ፊቷን እየው፣ ከዚያ በኋላ ንዳ።