ሸውራራዋ ጀልባ

አባባ ታም የሞቱት ዓይን ሲስሉላት ከነበረችው ጀልባ ሥር ነው። የሳ ቢን ወደብ ፖሊስ ሻምበል ዲየም ስትደርስ አስከሬናቸው ገና አልተነሣም ነበር፤ ጭንቅላታቸውን ከዛገው መልህቅ ላይ ጥለው፣ ምሳ በልተው ጋደም ያሉ ሽማግሌ መስለው በጎናቸው ተኝተዋል። መሰላሉ ከአጠገባቸው ወድቋል። ዲየም የምትቀመጥበት ወንበር ፈለገች፤ አላገኘችም። ካለፈው ሳምንት ማዕበል ወዲህ ከባሕር ሬሳ ስትለቅም ነው የከረመችው፤ በየብስ ላይ ለሞተ ሰው የሚሆን ጉልበት አልተረፋትም።

«ምናለ አንድ ሳምንት ቢታገሡኝ ኖሮ፣ አባባ» አለቻቸው በሆዷ።

ነገሩን ሌሎች ቀድመው ጨርሰውላት ነበር። የሟቹ ልጅ ቶአን እጁ በካቴና ታስሮ የመጋዘኑ በር ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ ከጎኑ ቆማለች። ከምሳ በኋላ ከክፍለ ሀገሩ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። የዲየም አለቃ በስልክ እንደነገሯት፣ ነገ በዓል ነው፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ የእሷ ሥራ መፈረም ብቻ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለቶአን ግን ማደሪያ ቀን አልተሰጠውም። ያ መኪና ከወሰደው በኋላ ወደ ሳ ቢን ፈጥኖ የተመለሰ ሰው ደግሞ ዲየም አይታ አታውቅም።

በቶአን ላይ የመሰከረችበት ጀልባዋ ናት። የሳ ቢን ሰው ዓይን የሌላትን ጀልባ ውሃ ላይ አያወርድም፤ ዓይኑ ተስሎ ሲያልቅ በቀይ ጨርቅ ይሸፈንና በበዓሉ ቀን ይገለጣል። የባሕር ቅርስ ማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች ይቺን ገዝተው ከጭቃ ያወጧትን ጀልባ በየሰንበቱ እየተሰበሰቡ ሲጠግኗት ሁለት ዓመት ኖረዋል። የከተማዋ የመጨረሻዋ የእንጨት ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ተብላለች፤ ወደቡ ላይ የቀሩት ሁሉ ፕላስቲክ ናቸው። ትናንት ጠዋት አባባ ታም ቀኝ ዓይኗን ስለው ሸፈኑት። ግራውን ነጩን ብቻ ቀብተው እንዲደርቅ ተዉት። ጀምበር ስትጠልቅ ሰዉ ሲበተን ግራው ገና ብሌን አልነበረውም። ዛሬ ጠዋት ግን እሱም ተሸፍኖ ተገኘ፤ ትኩሱ ጥቁር ቀለም በጨርቁ አልፎ ይታያል። እንግዲህ ሽማግሌው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ በሕይወት ነበሩ፣ ሥራቸውንም ጨርሰዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ደግሞ እራት ያመጣላቸው ቶአን ብቻ ነው። አባትና ልጅ ተኳርፈው መክረማቸውን የማያውቅ የለም።

ዲየም መጀመሪያ ያነጋገረችው የማኅበሩን ሊቀመንበር፣ መምህርት ካምን ነው። ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬም እንደ ተማሪያቸው ይቆጧታል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ምርኩዛቸውን በሁለት እጅ ይዘው ቆመዋል።

«ዲየም ልጄ፣ ጨርቁን እንዳትነኪ። ከቀኗ በፊት የተገለጠች ጀልባ ሰው ትበላለች።»

«በልታለች እኮ፣ መምህርት።»

ካም ወደ አስከሬኑ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ትናንት ማታ የማኅበሩ ሰው ሁሉ እሳቸው ቤት እንደበላ፣ መጨረሻ የደረሱትም በጎ ፈቃደኛው ሎክ እንደነበሩ ተናገሩ። ጀልባዋ ከማን እንደተገዛች ስትጠይቃቸው ግን ዓይናቸውን ከዓይኗ አነሡ። ከወንዙ ወደ ላይ ከሚኖር ሰው ነው አሉ፤ ስሙን ረስተውታል። የተማሪዎቻቸውን ስም ሁሉ የሚያስታውሱ ሴትዮ ናቸው።

ሎክ ቁመተ ረጅም፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። የጀልባዋን ስንጥቅ በቃጫና በሙጫ የሚወትፉት እሳቸው ሲሆኑ፣ ሬሳ ተጋድሞም እጃቸው ሥራ አልፈታም። ታምን መጨረሻ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ስወጣ ብሌኑ አልተሳለም ነበር፣ ካሉ በኋላ ቀና ብለው አላዩዋትም።

«ጋሽ ሎክ፣ ግራዋን ለምንድነው እንዲህ ደራርበው የወተፉት? ቀኟ ስስ ነው።»

«ስትጫን ወደ ግራ ማዘንበል አመሏ ነው፣ ልጄ። ግራዋ ነው ውሃ የሚጠጣው።»

ዲየም ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቶአን ሄደች። እራቱ አሁንም በር ላይ እንዳለ ነው፤ ክዳኑን ጉንዳን ወሮታል።

«እትዬ ዲየም፣ ጠራኋቸው፤ አልመለሱልኝም» አለ ቶአን። «መብራት አልነበረም። እንደ ልማዳቸው ያኮረፉኝ መሰለኝ፤ ሳህኑን ትቼ ሄድኩ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ብሩሹን ውረስ አሉኝ፤ እኔ ጫማ ፋብሪካ ገባሁ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ቀለም በጥብጬላቸዋለሁ፣ ሰለቸኝ። ‹ፕላስቲክ ጀልባ ዓይን ምን ያደርግላታል?› አልኳቸው።» ሳህኑን አየ። «ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም። መጨረሻ ያልኳቸው እሱን ነው።»

የሕፃኑ እናት ፊቷን አዞረች። ዲየም ወደ መልህቁ ተመልሳ ተንበረከከች። ደሙ ደርቆ ጠቁሯል። ከደሙ በላይ፣ ምስር የምታክል የጥቁር ቀለም ጠብታ አለች፤ ተንጠባጥባ ያረፈችው በደሙ ላይ ነው። ቀና ስትል በላይዋ ያለው የጀልባዋ ግራ ዓይን ነው። ከዚያ መሰላሉን አቁማ ወጣች። ቀኙን ገለጥ አድርጋ አየች፤ አባባ ታም ዕድሜ ልካቸውን እንደሳሉት ሁሉ ብሌኑ ቁልቁል፣ ወደ ውሃው ያያል። ግራውንም ገለጠች። ብዙ ቆይታ ሸፈነችውና ወርዳ ለአለቃዋ ደወለች፤ መኪናው ሻይ ጠጥቶ ይምጣ አለች። ስልኩ ውስጥ የተጮኸባትን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ካምን፣ ሎክንና ቶአንን ከጀልባዋ ፊት ጠራቻቸው።

«ደክሞኛል፤ ስለዚህ አላስረዝመውም» አለች። «ቶአን የታሰረው ግራው ዓይን አልቆ ስለተገኘ ነው። ታም እሱን እስኪጨርሱ በሕይወት ነበሩ ተባለ። ግን ከብሩሹ የወደቀችው ጠብታ ከደሙ በላይ ናት። ደሙ ቀድሟል። ያ ብሌን ሲሳል አባባ ታም እታች ተኝተው ነበር።»

«ገዳዩ ነው የሳለው ማለትሽ ነው?» አሉ ካም።

«አዎ። ስለዚህ ያ ዓይን ማንንም ነፃ አያወጣም፤ ብሌኑ ሳይሳል ወጣሁ ያለውንም ቢሆን። አሁን ማን ሳለው? እርስዎ መሰላል አይወጡም፣ እጅዎም ብርጭቆ አያጸናም። ቶአን መሰላሉን መውጣት ይችላል። ግን የተሳለውን እዩት።»

መሰላሉን ወጥታ ሁለቱንም ጨርቅ ሳበቻቸው። ካም ዓይናቸውን ሸፈኑ። ቀኙ ቁልቁል ያያል። ግራው ግን ብሌኑ ፊት ለፊት ተተክሎ፣ በክፍቱ በር አሻግሮ ሩቁን ያያል።

«እኔ የተወለድኩት ዓሣ ጀልባ ላይ ነው» አለች ዲየም። «የኛ ጀልባ ወደ ታች ነው የምታየው፤ ዓሣዋን ትፈልጋለች። ወደ ፊት የምታየው የነጋዴ ጀልባ ናት፤ መንገዷን ትፈልጋለች። ቶአን ሰክሮም፣ ዓይኑን ጨፍኖም ቢስል ብሌኑን ቁልቁል ነው የሚያደርገው፤ እጁ ሌላ አያውቅም። ይህን የሳለው እጅ ያደገው ጭነት ጀልባ ላይ ነው።»

ሎክ ቃጫውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ጋሽ ሎክ፣ ስትጫን ወደ ግራ ታዘነብላለች አሉኝ። ከጭቃ የወጣች ጀልባ ናት፤ ከዚህ ሰው ስትጫን ያየ የለም። እርስዎ የት አዩዋት?»

ለጥያቄው መልስ የሰጡት ካም ናቸው። ጀልባዋ የዓሣ አይደለችም፤ ከላይኛው ወንዝ ሩዝ የምታመላልስ ነበረች። የሳ ቢን የእንጨት ጀልባዎች ተሰብረው ለማገዶ ካለቁ ቆይተዋል። አንድም ስላልተረፈ እሳቸውና ታም ተመካክረው ዝም አሉ። «ለልጆቹ የምናሳየው አንድ ነገር ፈልገን ነው» አሉ።

«ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፣ መምህርት» አለች ዲየም፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ያባቴ ናት» አሉ ሎክ። «ወለሏን ስንነቅል ከሥሩ የሩዝ ገለባ ወጣ፤ ያኔ ነው ያወቅኋት። እናቴ እሷ ላይ ነው የወለደችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የዓሣ ጀልባ ናት ሲሉ ሰማሁ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ትናንት ግን ቀኟን ቁልቁል ሳላት። ‹ታም ወንድሜ፣ ግራዋን እንኳ እንደ ነበረችው አርግልኝ› ብዬ ለመንኩት። ‹የሞተች ጀልባ እኔ ያሳየኋትን ታያለች› አለኝና ሳቀ። ብሩሹን ልቀማው ስል መሰላሉ ተንሸራቶ ሄደ።» መዳፋቸውን አዩት። «ልገድለው አልነበረም። ወድቆ አልተነሣም። እኔም ብሩሹን ያዝኩ።»

«እሱን እንኳ አምንዎታለሁ» አለች ዲየም። «ከዚያ ግን ታጥበው እራት በሉ። ጠዋት ይሄ ልጅ በካቴና ሲታሰር ቆመው አዩ፤ ቃጫዎን ወተፉ። ላባትዎ ጀልባ ዓይን ሰጡ፣ የሰው አባት ቀብር ላይ ግን ልጁ እንዳይቆም ሊያደርጉ ነበር።»

ሎክ ወደ እሷ ቀረቡ። እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉ። ካቴናው ከቶአን ወደ እሳቸው ሲዞር የቶአን ሚስት ሕፃኑን ለባሏ አስታቀፈችና ሄዳ የአማቷን ፊት ሸፈነች።

በማግስቱ እንግዶቹ ሳይደርሱ ካም ብሩሹንና ጥቁሩን ቀለም ለቶአን አቀረቡለት። ሌላ የሚያውቅ የለም፣ ግራውን አስተካክልልን ብለው ለመኑት። ቶአን ወጣ፤ ዲየም መሰላሉን ያዘችለት። ቀኙን በእጁ ዳሰሰው። ግራውንም አየው። ከዚያ ሁለቱንም በጨርቅ መልሶ ሸፍኖ፣ ብሩሹን ሳያርስ ወረደ።

«ቀኙ የአባቴ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ አይነካም» አለ።

«ግራውስ?» አሉ ካም።

«ግራው እውነቷ ነው። ከየት እንደመጣችም ለልጆቹ ይንገሯቸው፣ መምህርት።» ብሩሹን ግን ወደ ጣሳው አልመለሰውም፤ በሸሚዝ ኪሱ ከተተው።

ጨርቁ ሲገለጥ ሕዝቡ ወደ ፊት ተጋፋ። ከዚያ አንዲት ዓሣ ሻጭ «ውይ፣ ሸውራራ ናት!» አለች፤ ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፤ ካምም እያለቀሱ ሳቁ። ስሟ በዚያው ቀረ።

አመሻሽ ላይ ዲየም ወደ እስር ክፍሉ ወረደች። ሎክ ስለ ፍርዳቸው አልጠየቋትም። ግራ ዓይኗን አጠፉት ወይ፣ ብቻ አሉ።

«አልነኩትም። ውሃ ላይ ወርዳለች።»

«አዘነበለች?»

«ትንሽ። ወደ ግራ።»

ሎክ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። ጥግ ላይ የጠባቂው የፕላስቲክ ወንበር ነበር፤ ዲየም ሳበችውና እስኪበቃቸው ድረስ አብራቸው ተቀመጠች።