ልኩን ማን ነካው?

ልጅቷ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች። ክንዷ ላይ የተገጠመው የመድኃኒት ማሽን ገና ይሠራል። የመድኃኒቱ ልክ አምስት መሆን ነበረበት። ማሽኑ የሚያሳየው ሃምሳ ነው።

ነርሷን እዚያው ያዟት።

«ልኩን አልነካሁትም!» እያለች ጮኸች። የልጅቷ አባት አንገቷን ሊያንቅ ሲጋፋ ፖሊሶች በግድ መለሱት።

በማግስቱ መርማሪዋ የማሽኑን ፕሮግራም የጻፈችውን መሐንዲስ አስጠራች።

«ነርሷ ሃምሳ ብላ ብትጽፍስ?»

«አይቀበላትም። ልኩ ውስጥ ተዘግቶበታል፤ ከውጭ በቀጥታ የሚነካው የለም። መቀየር የፈለገ ሁሉ በአንድ በር ነው የሚገባው። በሩ የታማሚውን ክብደት አይቶ ያሳልፋል፣ ወይ ይመልሳል። ውስጡ እንዴት እንደሚሰላ ሌላው ፕሮግራም አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም።»

«እስቲ ይሞከር።»

ሃምሳ ጻፉ። ማሽኑ ጮኸ። «ከልክ በላይ ነው» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

የመሐንዲሷ ፊት አመድ መሰለ።

«ምነው?»

«ይሄ የኔ አጻጻፍ አይደለም። እኔ ‹ሐኪሙን ያማክሩ› ነበር ያልኩት። አንድ ሰው በሩን አንስቶታል። ኋላ ደግሞ እንደ አዲስ ሠርቶ ገጥሞታል።»

«ካንቺ ሌላ ማን ይችላል?»

«አለቃዬ። ታላቅ ወንድሜ ነው» አለች።

አለቃው ፈገግ ብሎ ገባ።

«በሩን ለምን አነሱት?» አለችው መርማሪዋ።

«የምን በር?»

«ጋሼ፣» አለች እህቱ፣ «ጽሑፉን አይቼዋለሁ።»

ፈገግታው ጠፋ፤ የሆነውን ተናገረ። ሐኪሞች ልኩን በኮምፒዩተር እንዲያስገቡበት የሠራው አዲስ ገጽ በበሩ ማለፍ አልቻለም ነበር። የገጹ ምረቃ ደግሞ ደርሷል። ልኩን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ገጹ በቀጥታ እንዲጽፍበት ፈቀደ። ሐኪሙ 5.0 ብሎ ሲያስገባ ገጹ ነጥቡን ዋጠው። ሃምሳ ሆነ። የሚመልሰው አልነበረም።

«እህትዎን አስተካክዪልኝ ቢሏት ኖሮስ?»

«ታናሽ እህቴን ደጅ ልጥና?»

«ልጅቷ መሞቷን ሲሰሙ መልሰው ዘጉት። ነርሷ ስትታሰርስ?»

«ማስረጃ ስለሌለ ትፈታለች ብዬ…»

በካቴና ሲወስዱት እህቱን ቀና ብሎ አላያትም።

ነርሷ ተፈታች። ሆስፒታሉ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ቢጠይቃት፣ «ገዳይ በተባለው በዚህ እጄ?» ብላ ሄደች።

ከሰዓት የመሐንዲሷ እናት ደወሉ።

«ወንድምሽን ያስያዝሽው አንቺ ነሽ?»

«እማዬ፣ አንዲት ልጅ እኮ ሞታለች…»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«አዎ። እኔ ነኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። መልሳ ደወለች። ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም።