ያነሰው እሳት

በስፌት አዳራሹ ሠራተኞቹን ራሳቸውን አስቶ የጣላቸው የበዛ እሳት አይደለም፤ ያነሰ እሳት ነው። ይህን የሚያውቁት ማሞቂያውን የሚጠግነው ቴክኒሻንና የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ብቻ ነበሩ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ውሸቱን ነው።

ልጅቷን ትምህርት ቤት «ሽቦ» ይሏታል፤ ከቅጥነቷ የተነሳ። ጓደኛዋ ደግሞ «ፊሽካ» ናት። ድምፅዋ ከሜዳው ማዶ ይሰማ ነበር። ዛሬ ግን ከክፍሉ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ስታወራ ከአጠገቧ ሆኖ መስማት እንኳ ያስቸግር ነበር።

«አልነቃችም» አለች። እናቷን ነው። ሴቶቹ በማሞቂያው ጭስ ታፍነው በየስፌት ማሽናቸው ላይ ተደፍተው በተገኙ ጊዜ ሌሎቹ ሆስፒታል ደርሰው ተመለሱ። የፊሽካ እናት ግን እዚያው ቀረች።

«ትነቃለች።»

«አቦ ተይኝ፣ ዶክተር ነሽ እንዴ?» ፊሽካ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ደግሞ ምን እንዳሉ ሰማሽ? ጥፋቱ የሷ ነው አሉ። በረደኝ ብላ የማሞቂያውን አየር ማስገቢያ በብጥስጣሽ ጨርቅ ጠቀጠቀችው አሉ። እናቴ! መስኮት ዝጊ ያላትን ሁሉ እንደ ጠላት የምታይ ሴትዮ!»

ሽቦ ጫማዋን ታይ ጀመር።

«አባትሽን ለምኝልኝ እስቲ። ማሽኑን እንደሳቸው የሚያውቀው የለም። ለተቆጣጣሪው አንድ ቃል ቢናገሩላት ይበቃል። ዛሬ ምርመራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ነገ ማሞቂያውን አብርተው ሥራ ሊጀምሩ ነው።»

ሽቦ ምን ብላ ትለምነው? የጨርቁን ወሬ ለተቆጣጣሪው የነገረው ያው አባቷ ነበር።

«እነግረዋለሁ» አለችና ደብተሯን አንስታ ወደ ቤት ሄደች። ቀሪ ክፍለ ጊዜ ነበራት፤ ትዝም አላላት።

መንገዱን ሙሉ የማሞቂያውን ብሎን ስታስብ ነበር። አባቷ የማሞቂያውን ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ተረት እያወራላት ነው ያደገችው። አየር በሚያልፍበት ቱቦ መሃል የተገጠመ የብረት ሳጥን ነው። እሳቱና ጭሱ በሳጥኑ የብረት ቧንቧዎች ውስጥ፣ ሰው የሚተነፍሰው አየር ደግሞ ከቧንቧዎቹ ውጭ ያልፋሉ፤ ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም። ጋዙን የሚለቀው ቫልቭ እንደ አምፖል በርቶ መጥፋት ብቻ አይደለም ሥራው። ቱቦው ውስጥ ያለው ሴንሰር አየሩ ቀዝቅዟል ሲለው ሰፋ ብሎ ይከፈታል፣ ሞቋል ሲለው ቀስ እያለ ይጠባል፤ ነበልባሉም አብሮት ይረዝማል፣ ያጥራል። «እንደ ጥሩ ሹፌር ነው» ይል ነበር አባቷ። «ነዳጁን ይረግጣል፣ ይለቃል እንጂ በየመንገዱ ሞተር አያጠፋም።»

ግን ለማጠሩም ልክ አለው። ልኩን የምትጠብቀው ቫልቩ ሥር ያለች ትንሽ ብሎን ናት። ነበልባሉ እዚያ ደርሶ አየሩ አሁንም ከሞቀ፣ ጋዙ ጨርሶ ይዘጋል። ከዚያ ልክ በታች እሳት በወጉ አይነድም፤ ጭሱ ውስጥ መርዝ ይበዛል። ጭሱ ወደ ላይ የሚወጣበት አቅም ያጣና ወደ ሰው ይመለሳል። ጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎትም ብረቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ ውሎ አድሮ ብረቱን ይበላዋል።

ከአደጋው በፊት፣ ብርዱ ለዘብ ባለ ጊዜ ማሞቂያው ደጋግሞ ይጠፋ፣ ደጋግሞ ይነሳ ነበር። «ቴክኒሻኑ፣ ይሄ ማሽንህ ወባ ይዞታል እንዴ? አንዴ ያተኩሰዋል፣ አንዴ ያንቀጠቅጠዋል!» ያለችው የፊሽካ እናት ናት። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አባቷም ሳቀ፤ ደግ ሰው ነው። ካቻቪቴውን አወጣና፣ እሳቱ እንዳይጠፋ፣ ብሎኗን ከልኳ በታች አወረዳት። የጋዙን ግፊት በመሣሪያ አልለካም። ሴቶቹ መረቁት። ከዚያ በኋላ ብርዱ በጠና ቀን እሳቱ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ደህና ይውላል፤ ለዘብ ባለ ቀን ራስ ምታቱ ይመጣል። ማን ልብ ይበል? «ብርዱ ሲሄድ ስንፍናው መጣ» ተባባሉና አለፉት።

ሴቶቹ የወደቁ ዕለት፣ ተቆጣጣሪው ከመምጣቱ በፊት፣ አባቷ ብሎኗን ወደ ቦታዋ መለሳት። ባትሪ ያበራችለት ሽቦ ነበረች።

ቤት ስትደርስ አባቷ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ እሱ ግን ያየዋል።

«አባዬ፣ ፊሽካ መልእክት ልካልሃለች። ለእናቴ ይመስክሩላት ብላለች።»

አባቷ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም።

«ለምን እሳቸው ላይ አላከክከው?»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ጎረቤት ይሰማል።» ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «ሆን ብዬ ነው? ደግ ልሥራ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እሷ ከነቃች ነገሩ ይረሳል። እኔን ግን ያስሩኛል። ሽቦዬ፣ ዝም አይነቅዝም።»

«ነገ ሊያበሩት ነው።»

«ብሎኗ ቦታዋ ላይ ናት፤ ምን ይሆናል?»

«ብረቱስ? ያን ያህል ጊዜ ውሃ የዋለበት ብረት? ሳጥኑን ከፍተህ አይተኸዋል?»

አላየውም። ይከፈት ቢል ለምን ይሉታል፤ ለምን ሲሉት ደግሞ የብሎኗ ነገር ይመጣል።

«ደህና ይሆናል» አለ በመጨረሻ።

«ተበልቶ ቢቀደድና ጭሱ አየሩ ውስጥ ቢገባስ? ነገ እዚያ የሚቀመጡት እኮ እነዚያው ሴቶች ናቸው!»

እናቷ ከጓዳ ብቅ አለች። ሁሉን ሰምታለች። «የአባትሽን ገመና አደባባይ ልታወጪ ነው?» አለች፤ ቁጣ አልነበረባትም፣ ፍርሃት እንጂ። «ማን አሳደገሽ? ሲወስዱት ቆመሽ ልታይ ነው?»

ሽቦ አባቷን አየችው። ሲወስዱት ታያት፤ ይህንኑ የሥራ ልብስ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ። ልጅነቷን በሙሉ ትከሻው ላይ ተሸክሟት ያሳለፈ ሰው ነው። ለአፍታ «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ነገ ጠዋት ሴቶቹ ካፖርታቸውን እየሰቀሉ ሲቀመጡ ታያት።

«አባዬ፣ አብረን እንሂድ» አለች። «ተቆጣጣሪው ገና አዳራሹ ውስጥ ነው። አንተው ንገረው። አንተ ብትነግረው ይሻላል።»

አባቷ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። «ተይኝ ልጄ።»

«እንግዲያው እኔ እነግረዋለሁ።»

በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰምታ የተነሳ መሰላት፤ ዞር አለች። አልተነሳም። እንዳያያት ወንበሩን ወደ ግድግዳው እያዞረ ነበር።

ሽቦ ወጣችና በሩን ዘጋችው።